በርሜል ውስጥ ያደገ ወይን

ስሜነሽ በርሜሉን አቅፋ ለሦስተኛ ጊዜ ወደ ላይ ሳበችው። ወንድሟ ደሳለ በወዲያ በኩል አገዛት። በርሜሉ ትንሽ አዘነበለ እንጂ አልነሣ አለ።

«ቆይ፣ የሆነ ነገር ይዞታል» አለ ደሳለ ተንበርክኮ። ስሜነሽ ውኃ እንዲያንጠፈጥፍ ብላ ከበርሜሉ ግርጌ በበሳችው ቀዳዳ፣ አውራ ጣት የሚያህል የወይን ሥር ወጥቶ ከበታቹ ባለው ዓለት ስንጥቅ ውስጥ ገብቷል።

ወይኑን በበርሜል የተከለችው ተከራይ ስለሆነች ነበር፤ ቤት ስትለቅ ይዛው እንድትሄድ። አሁን የአከራይዋ የእማሆይ አመተ ጊዮርጊስ ልጅ ከነቤተሰቧ ከኮን ከተማ መጥታ ልትገባበት ነው። የስሜነሽ ዕቃ ፒክአፕ ላይ ተጭኖ አልቋል፤ የቀረው ይኸው በርሜል ብቻ ነው።

መንገድ በተዘጋበት ዓመት ለቅዳሴ የሚሆን ዘቢብ ሲጠፋ ተስላ ነበር፤ የመጀመሪያ ፍሬውን አድርቃ ለነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን ልታስገባ። ወይኑ ስንት ዓመት ቅጠል ብቻ ሲያሳያት ኖሮ ዘንድሮ ሦስት ዘለላ ያዘ። ፍሬው ገና አተር ቢያክል ነው።

ደሳለ መጋዝ አመጣ። «ሥሩን ልቁረጠዋ?»

«ፍሬውን ያራግፋላ!»

«እንግዲያ ተይው።»

«ስለቴን ነው የምተወው?» ጮኸችበት።

ጩኸቷን ሰምተው እማሆይ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ከጓዳ ወጡ። «ምን ሆናችሁ፣ ልጆቼ?»

«ሥር ሰደደብኝ፣ እማሆይ! እኔ በጣሳ እየለካሁ ከላይ ነው የማጠጣው። ታች ምን አገኝ ብሎ ወረደ?»

እማሆይ በምርኩዛቸው የበርሜሉን ግርጌ ነካ አደረጉ።

«እኔ ነኝ» አሉ። «አንቺ ሥራ ስትሄጂ የታጠብሁበትን ውኃ አፈስለታለሁ። ከላይ እንዳላደርገው ክንዴ አይነሣልኝም፤ ከታች አፈሳለሁ። ይጠማል ብዬ።»

«ይህን ሁሉ ዓመት?»

«ዝናብ ካልጣለ በቀር አላስታጎልኩም።»

 ተንኮል ቢሆን ኖሮ ስሜነሽ በተናገረች፣ ንዴቷ በወጣላት። መጋዙን ከደሳለ እጅ ነጥቃ ተንበረከከች፤ ጥርሱንም ሥሩ ላይ አሳረፈችው። ጉልበቷ ሥር ያለው መሬት እርጥብ ነበር። የዛሬውንም አፍስሰውለታል።

ሹፌሩ ከመንገድ ጥሩምባውን ነፋ።

«ይስሙኝ፣ እማሆይ» አለች ሳታያቸው፣ ቁጣዋ ገና ከድምፅዋ ሳይወጣ። «መብሰል ሲጀምር ወፍ እንዳይጨርሰው ሻሽ ይሸፍኑበት። ደግሞ እኔ ሳልመጣ እንዳይቆርጡት!»

«እሺ፣ ልጄ።»

መጋዙን መሬት ላይ ጥላ ተነሣች። ጠፍጣፋ ድንጋይ ፈልጋ ያዘነበለውን በርሜል ደገፈችው።