የሺሬል አረንጓዴ አይሻዶ

ቢምረው ያን ቀን ጠዋት ደሙ እንደፈላ ነው የተነሣው። ልጁ ሺሬል ከክፍሏ ብቅ ስትል ያ አረንጓዴ ቀለም ቀድሟት መጣ። ከዓይኗ ቆብ አልፎ እስከ ቅንድቧ ድረስ ተለቅልቃዋለች። ሰርግ የለ፣ በዓል የለ፣ ተራ ማክሰኞ ነው።

«ዛሬም?» አላት።

ሺሬል እንደ ሥርዓቱ አባቷ ፊት ዓይኗን ሰበር አደረገች። ዓይኗን በሰበረች ቁጥር ደግሞ ቆቡ ይከደንና አረንጓዴው ይብሳል። አክብሮቷ ራሱ ስድብ ሆነበት።

«አባ፣ ሚክላላ ረፈደብኝ» አለች። ሚክላላ የምትለው ኮሌጇን ነው፤ ነርስ ልትሆን ሁለተኛ ዓመቷ ነው። እንዲህ ተለቅልቃ ማንን ልታስታምም እንደሆነ እንጃላት። ደህናውን ሰው ታሳምማለች።

«ስሚኝ» አላት ቢምረው። «ዛሬ ይህን ነገር ታጥበሽ ካልመጣሽ በዚህ በር አትገቢም። ልጅ ነበረችኝ፣ ሞተችብኝ እላለሁ።»

ሺሬል አንድ ነገር ለማለት ጀመረች። እናቷ ሰንበቱ ከማድቤት ሆና «ሂጂ፣ አውቶቡሱ ያመልጥሻል» ብላ አቋረጠቻት። ልጅቱ በሩን ቀስ አድርጋ ዘግታ ወጣች።

«አንቺ ነሽ ያባለግሻት» አለ ቢምረው።

«ሐኪም ቤት ያስያዝኩልህን ቶር ሦስቴ ትተህ፣ አሁን የሰው ፊት ትመረምራለህ» አለችው ሰንበቱ።

«ነገር አታምታቺ» አላት። የሐኪም ቀጠሮውና ቀለሙ ምን አገናኛቸው?

ነገሩ የጀመረው በክረምት ነው። ሺሬል ከአውቶቡስ ጣቢያው ልትቀበለው ቀጠሮ ይዛ፣ እሱ ግማሽ ሰዓት ዝናብ ሲወርድበት ቆሞ ብቻውን ወደ ሰፈሩ ወደ ጊቫት ሃሞሬ ተመለሰ። እሷ ኋላ ስትገባ «መጥቼ ነበር፣ አባ። አልፈኸኝ ሄድክ» አለችው። ዓይን ያወጣ ውሸት። «አንቺ እዚያ ከነበርሽ ዓይኔን ግንባር ያርገው» ብሎ ማለባት። ልጅቱ አለቀሰች። የጥፋተኛ እንባ ነው ብሎ አልፎ ተኛ። በሳምንቱ ያንን አረንጓዴ ተቀብታ ወጣች፤ ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን አልዘለለችም።

ውሸት ካለ የሚደበቅ ነገር አለ። ቀለም ካለም የሚቀቡለት ሰው አለ። ጎረቤቱ ጋሹ ደግሞ እሳቱ ላይ ጭራሮ ጨመረበት። «ልጅህ ከአንድ ሾፌር ጋር ስትሳሳቅ አየኋት» አለው። «በዓይኗ ነው የለየኋት። ከመንገዱ ማዶ ይታያል።»

ቢምረው ይህን ሊክድ አልቻለም። ስንት ሰው በሚተራመስበት ቦታ፣ እሱም ቢሆን መጀመሪያ የሚያየው የእሷን ዓይን ነው። ይኸው ነው ያቃጠለው። እሱ ካየው ሾፌሩም ያየዋል።

ከሰዓት በኋላ እጅ ከፍንጅ ሊይዛቸው ወደ ጣቢያው ወረደ። የአውቶቡሱን ቁጥር የሚጽፉት ሰዎች ምን እንደነካቸው እንጃ፤ በየዓመቱ ያሳንሱታል። እየተሳደበ አንዱን ወታደር ጠየቀና እሷ የምትወርድበት አግዳሚ ላይ ተቀመጠ።

አውቶቡሱ መጣ። ወታደር ወረደ፣ ተማሪ ወረደ፣ የፋብሪካ ሠራተኛ ወረደ። አረንጓዴ የለም። ሌላው መጣ። አረንጓዴ የለም። ሾፌሩ ይዟት ሄዷል ማለት ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው ፎቅ ጠርጎ ያሳደጋት ልጅ፣ ማንም አላፊ አግዳሚ እንዲያያት ተቀብታ፣ አባቷን ጣቢያ ላይ አስጥታው ቀረች። በከዘራው መሬቱን ደበደበ።

ይህን ጊዜ አንዲት ልጅ መጥታ ጎንበስ ብላ ጉልበቱን ሳመችው። ከዚያም ከጎኑ ተቀመጠች። የዚህ አገር ልጅ ጉልበት መሳም ከተወ ስንት ጊዜው። ቢምረው ቁጣው ጋብ አለ። ዘወር ብሎ ቢያያት ፊቷ ንጹሕ ነው፤ ቀለም የሚባል የለበትም።

«እደጊ፣ ልጄ» አላት። «ያሳደገሽ ይባረክ። እኔም አንዲት ነበረችኝ። ይኸው ስጠብቃት ውዬ ቀረች። ካሁን በኋላ ብትመጣም በሬን አልከፍትላትም።»

የልጅቱ ትንፋሽ ቁርጥ ቁርጥ ሲል ሰማው፤ የምታለቅስ መሰለው። ይቺም የራሷ ጉድ አለባት ብሎ አዘነላት። እጁን ራሷ ላይ ጫነ።

«የማን ልጅ ነሽ?»

«ያንተ፣ አባ» አለችው። «ታጠቢ ስላልከኝ ታጥቤ መጣሁ።»