የጥጥ ምርመራ

ዶክተር ምንትዋብ የቆዳ ሕክምና ተምራ ወደ ወረዳዋ ከተመለሰች ወዲህ እንደ ጋሽ ይልቃል የፈራ ታካሚ አልገጠማትም። ሽማግሌው ክንዳቸው ላይ ነጣ ያለ ምልክት ስለወጣባቸው፣ ማኅበርተኞቻቸው «የሥጋ ደዌ ነው» ብለው በአንድ ጽዋ አብረዋቸው መጠጣት ትተዋል።

«ቋቁቻም ሊሆን ይችላል። ጥጥ ሲነካዎት ካልተሰማዎት ግን ደዌ ነው፤ እሱም በመድኃኒት ይድናል» አለቻቸው።

ክንዳቸውን አልሰጥም አሏት።

«እሺ፣ መጀመሪያ እኔን ይሞክሩኝ።» ጥጡን አስያዘቻቸውና እጅጌዋን ሰብስባ ዓይኗን ጨፈነች። «ሲነኩኝ ‹አዎ› እላለሁ።»

ጠበቀች። ዝምታው ሲረዝምባት ፈገግ አለች። «ይጀምሩ እንጂ አባባ፣ አይፍሩ።»

ሽማግሌው ወደ ፊቷ ቀና አሉ።

«ልጄ... ጥጡን ካሳረፍኩብሽ እኮ ቆየሁ።»