ከደጅ የቆሙት ሦስቱ

ደምለው በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ ተታሏል፤ ያታለለውም ጀሪካን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጁ ወለላ ደብረ ማርቆስ ሥነ ጥበብ ትማራለች። ለመመረቂያዋ መምህሯ፣ «ከወዳደቀ ዕቃ አሥራ ሁለት ሰው ሥሪ፤ የሚያስቁ ይሁኑ፤ በየቆሙበት ፎቶ አንስተሽ ሰኞ አምጪ» አላት። እሷም ከይጁቤ በላይ ወዳለው የአባቷ ቤት መጥታ ያገኘችውን ሁሉ ሰው አደረገችው። የተሰበረ ሞፈር ወገብ ሆነ። የተቀደደ ወንፊት ፊት ሆነ። ያረጀ ኮንጎ ጫማ ጆሮ ሆነ። በአራት ቀን ውስጥ ከመንደሩ የሚጣል ነገር ጠፋ፤ ሰዉ ድስቱን አቅፎ ይተኛ ጀመር።

የመጀመሪያውን ከአባቷ በር ፊት አቆመችው። ራሱ ቢጫ ጀሪካን፣ ትከሻው ላይ የማዳበሪያ ጆንያ። ደምለው ማለዳ በጉም ሲወጣ እንግዳ መሰለውና ሰላምታ ጀመረ።

«እንዴት አደሩ? ከብቱ ደኅና? ሰብሉ ደኅና? ልጆቹ ደኅና?»

ጎጃሜ ሰላምታ ከጀመረ ለማስቆም ዳኛ ያስፈልጋል። ደምለው እስከ ሰባት ቤት ዘመድ ጠይቆ ጨረሰ። መልስ የለም። ሰላምታ ነፈገኝ ብሎ ቀበሌ ሊከሰው ከዘራውን ሲያነሳ ጉሙ ተገፈፈ።

የጎረቤቱ የአንሙት ሳቅ ደጀን ድረስ ተሰማ፤ የጭነት መኪና ሾፌሮች ጎማ የፈነዳ መስሏቸው ወረዱ። ከዚያ ወዲያ ሰንበቴ ላይ ጠላ በተቀዳ ቁጥር፣ «አያ ደምለው፣ ጀሪካኑ መለሰልዎት ወይ?» የማይለው የለም።

«ሁለተኛ ከተታለልሁ እኔም ጀሪካን ነኝ» አለ ደምለው።

ቀልዱን የቻለው ስለ ወለላ ብሎ ነው። ባለወፍጮው ይስማው እሷን ለልጁ ፈልጎ ሁለት ጊዜ ሦስት ሽማግሌ ልኳል። ደምለው ሁለቴም መልሷቸዋል። «መጀመሪያ ትመረቅ። እኔ ፊደል አልቆጠርሁም፤ ልጄ ግን ትጨርሳለች» አለ። በሬ በቀንዱ፣ ሰው በቃሉ ይታሰራልና፣ ከአፉ «እሺ» የምትል ቃል እንዳታመልጠው ሽማግሌ ፊት ሲቆም ጥርሱን ነክሶ ነበር።

ባለፈው ሲመልሳቸው ሦስቱም ተቀየሙ።

«እንግዲህ ቃላችንን ጨርሰናል» አለ መሪያቸው አያ ገብረ ኪዳን። «ከእንግዲህ አንናገርም። ቆመን ብቻ ነው የምንለምንዎት።»

«እግራችሁ ሥር ይስደድ እንጂ፣ ቁጭ በሉ አልላችሁም!»

ወለላ ይህን ስትሰማ በሳቅ ፍርስ አለች።

«አባዬ፣ የቀሩኝን አገኘኋቸው! ሦስቱን ሽማግሌዎች እሠራቸዋለሁ።»

«የገብረ ኪዳንን አፍንጫ እንዳትረሺ።»

«እሱስ አይረሳም። ብቻ እንዳትነካቸው፤ እላይ በላይ ደርድሬ ነው የማቆማቸው፣ ይናዳሉ።»

ቅዳሜ ማለዳ ደምለው ሲነቃ ጋቢው የለም።

«አገሬ፣ ጋቢዬስ?»

«ልጅህ ይዛው ወጣች» አለች ሚስቱ። «ጆንያውንም ቆርቆሮውንም ተሸክማለች። ጎህ ሳይቀድ ነው።»

በሩን ከፈተ። ጉሙ እንደ እርጎ ረግቷል። ከግራሩ ሥር ሦስት ሽማግሌ ቆመዋል። ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው መሬት መሬት ያያሉ። ንቅንቅ የለም።

«ዛሬስ አልታለልላትም!» አለ ደምለው።

ሳምንቱን ሙሉ ከጀሪካኑ ሥር ሲያንቀላፋ የከረመው ውሻ ጉሮሮው እስኪዘጋ ይጮሃል። «ዝም በል፣ ሞኝ! ዛሬ ደግሞ ያንተ ተራ ነው» አለው።

አሥር ክንድ ያህል ቀረበ። ጥበብ ማለት ይሄ ነው! የመካከለኛው ቁርጥ ገብረ ኪዳን፤ የለበሰውም ጋቢ ለደምለው የራሱ መሰለው። ከጎኑ ያለው ሽማግሌ፣ የኪዳነ ማርያም፣ አንካሳ እግር እንኳ ጠመም ብሏል። ጫማቸው ላይ ጭቃ ለጥፋለች። ከገብረ ኪዳን አፍንጫ ጫፍ አንዲት ጠብታ ተንጠልጥላለች፤ ያችን በምን እንደሠራቻት እግዜር ይወቀው። የደምለው ዓይን እንባ አቀረረ። ልጅ የሚማረው ለዚህ ነው።

በመንገዱ ወደ ይጁቤ ገበያ የሚወርደው ሰው ይጎርፋል። አንሙትም አህያውን እየነዳ ብቅ አለ። ደምለው ደስ አለው። ለጀሪካን ሰላምታ የሰጠ ሰው፣ ዛሬ በጀሪካን ሲቀልድ አገር ይየው!

«ኑ፣ ኑማ ወዲህ!» ብሎ ተጣራ። ገበያተኛው ሲከበው ወደ ሦስቱ ዞሮ ጉሮሮውን ጠረገ። «እናንት የተከበራችሁ ሽማግሌዎች! ሦስተኛ መጣችሁ? እግራችሁ ሥር ሰደደ? እንግዲያው አሸነፋችሁኝ! ልጄን ወለላን ለይስማው ልጅ ሰጥቻለሁ!»

አንሙት አልሳቀም።

«አያ ደምለው፣ ምን ነካዎት? ኧረ ቀስ ይበሉ።»

«ምን ቀስ! ትምህርቱም ይቅርባት! ሰርጉ ለጥር ይሁን! ጥሎሽ አልፈልግም፤ እንዲያውም ሁለት በሬ ከራሴ እጨምራለሁ! አገር ይስማ፣ ይስማውም ይስማ! ዲማ ጊዮርጊስ ምስክሬ ነው!»

ገበያተኛው እርስ በርሱ ተያየ። ደምለው ሳቃቸውን ያፈኑ መሰለው። ደረቱን ነፍቶ በከዘራው ሣሩን እያሳየ፣

«በሉ እንግዲህ፣ ቁጭ በሉ!» አላቸው።

ተቀመጡ።