የእጁ ጀርባ

ሽሪምፑን እየላጥኩ እራገማለሁ። የሥነ ምግብ ባለሙያዋ የሰጠችን ወረቀት አናቱ ላይ «ቀላልና ጤናማ የባሕር ምግብ ከሪ፣ ሃያ ደቂቃ» ይላል። ይህን የጻፈ ሰው በዕድሜው አንድ ሽሪምፕ ልጦ እንደማያውቅ የትም ቆሜ እከራከራለሁ። እኔ አርባ ደቂቃ ሆኖኛል፤ ገና ግማሹ ሳህኑ ላይ እግሩን አንጨፍርሮ ያየኛል።

አባቴ ወጥ ቤቱ በር ላይ፣ ተሽከርካሪ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ግድግዳውን ያያል። ሠላሳ ሁለት ዓመት የሆቴል ሼፍ ነበር። አሁን ቀኝ እጁ እንደ ተረሳ ጓንት ጭኑ ላይ ተጋድሟል። ስትሮክ መትቶት ከተኛበት ሆስፒታል ከወጣ አራት ቀኑ ነው፤ በአራቱም ቀን ከውሃ በቀር አንድ ነገር አልዋጠም። ሐኪሙ ጉሮሮውን መርምሮ ደህና ነው ብሏል። እምቢ ያለው ሰውዬው ነው። እስከ ነገ ጠዋት ካልበላ ተመልሶ ገብቶ በአፍንጫው ቱቦ ይደረግለታል። ወንድሜ ሳሎን ውስጥ የሆስፒታሉን ቦርሳ ያሰናዳል። ፒጃማ፣ ፎጣ፣ ነጠላ ጫማ። ዚፑ ሲከፈትና ሲዘጋ ይሰማኛል።

ወንድሜ ገር ነው። በቀን ሦስት ጊዜ ሾርባ በማንኪያ ይዞ እየተንበረከከ «ለኔ ስትል አባዬ፣ አንዴ ብቻ» እያለ ይለምነዋል። አባቴ ከንፈሩን ይገጥማል። ቤት እየመጣች የምታየው ነርስም ሞክራለች፤ አገጩን ደግፋ «አ ይበሉ፣ ጎበዝ» አለችው፣ እኔም ከነርሷ ጋር ተጣላሁ። የሥነ ምግብ ባለሙያዋ ጨው የለም፣ ቅቤ የለም፣ ጥብስ የለም እያለች ስትደረድር ታዲያ ምን ይብላ፣ ወረቀቱን? ብዬ ከሷም ጋር ተጣላሁ። ጠበቃ ነኝ፤ የምኖረው ተጣልቼ ነው። ከአባቴ ጋር ብቻ ሃያ ዓመት በነጻ ተጣልቻለሁ፤ አብዛኛውን እዚሁ ድስት አጠገብ። አንቺ ሩዝ እንኳ የምታሳርሪው እየተከራከርሽ ነው ይለኝ ነበር።

ሽንኩርቱን በጥቂት ዘይት አቁላላለሁ። ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርት፣ የከሪ ዱቄት፣ ቲማቲም። ወረቀቱ «መዓዛው እስኪወጣ» ይላል፤ መዓዛው በስንት ደቂቃ እንደሚወጣ ግን አይልም። የኮኮናት ወተቱን እገለብጥበታለሁ። ሲንተከተክ የቆራረጥኩትን ዓሣም ሽሪምፑንም ባንድ ላይ ልጨምር ሳህኑን አነሳለሁ።

ከበሩ በኩል የሚያጉረመርም ድምፅ ይመጣል። ዞር ስል አባቴ ግድግዳውን ትቶ ሳህኑን ያያል። ምላሱ ከብዶታል፤ ቃሉን ከጉድጓድ እንደሚስብ ሰው ነው።

«ሽሪምፕ... መጨረሻ።»

በአራት ቀን ውስጥ ከ«እምቢ» ሌላ የሰማሁት የመጀመሪያ ቃሉ ነው። ሌላ ልጅ ብትሆን ታለቅስ ነበር። እኔ ወረቀቱ አንድ ላይ እንደሚል እነግረዋለሁ። ዓይኑን ወደ ኮርኒሱ ያነሳል። ዓሣውን ብቻ ጨምሬ እጠብቃለሁ፤ ቀጥሎ ሽሪምፑን። «በቃ» ሲል እሳቱን አጠፋለሁ።

ከዚያ እሳሳታለሁ። ማንኪያ ሞልቼ፣ እፍ እፍ ብዬ አብርጄ፣ ልክ እንደ ወንድሜ፣ ፊት ለፊቱ እንበረከካለሁ። ከንፈሩ ይገጥማል። ፊቱ ወደ ግድግዳው ይመለሳል። ሳሎን ውስጥ ዚፑ ዳር እስከ ዳር ሲዘጋ እሰማለሁ።

ደሜ ይፈላል። ተነስቼ ቆሜ፣ ተወው፣ እኔው እቀምሰዋለሁ እላለሁ። ከማንኪያው ጥቂት ግራ እጄ ጀርባ ላይ አንጠባጥቤ እልሳለሁ። አስቤበት አይደለም፤ እኛ ቤት ወጥ የሚቀመሰው እንዲህ ነው። ማንኪያ አፉ ከትቶ ወደ ድስት የመለሰ ሠራተኛ በአባቴ ወጥ ቤት ውስጥ ሳምንት አይቆይም ነበር።

«ጨው የለውም» እላለሁ። «ሌላው ደህና ነው።»

«ደህና?»

በዚህች ቃል ስንቱን ሠራተኛ እንዳስለቀሰ አውቃለሁ። በግራ እጁ የቀኝ እጁን አንጓ ይይዛል። የሌላ ሰው ዕቃ እንደሚያነሳ ከጭኑ ላይ ያነሳውና ጀርባውን ወደ ላይ አድርጎ ወደ እኔ ይዘረጋዋል።

ከማንኪያው አንጠባጥብበታለሁ። ያ እጅ ትኩስም ቀዝቃዛም አይለይም። ወደ አፉ ይወስደዋል፣ ይልሳል፣ ዓይኑን ይጨፍናል። ጉሮሮው ከፍ ብሎ ዝቅ ይላል።

«ዝንጅብሉ... በዛ።»

በዝቷል። «አልበዛም» እላለሁ።

እጁን መልሶ ይዘረጋል። ይቀምሳል። ሎሚ ጎድሎታል ይላል። ሎሚው ሳይቆረጥ መክተፊያው ላይ እንደተቀመጠ ነው፤ ጨምሬያለሁ ብዬ ድርቅ እላለሁ። ለሦስተኛ ጊዜ ይቀምሳል። አራተኛው ላይ ትዕግሥቱ ያልቅና ማንኪያውን ከእጄ ይነጥቀኛል፣ በአገጩም ወደ ድስቱ ያመለክታል።

በንጹህ ሳህን ቀድቼ ጭኑ ላይ አስቀምጥለታለሁ። በማያውቅበት ግራ እጁ ዓሣውን ይፈለፍለዋል፤ ከሚያነሳው ግማሹ ሸሚዙ ላይ ይወድቃል። ወንድሜ ቦርሳውን ትከሻው ላይ አንግቶ በሩ ላይ ይደርስና ክው ብሎ ይቆማል። ከዚያ ፎጣ መዝዞ ሸሚዙን ሊጠርግለት ጎንበስ ሲል ክንዱን ጨብጬ እይዘዋለሁ።

«ሽሪምፑ ጎማ ሆኗል» ይላል አባቴ፣ እያኘከ።

«አልሆነም።»

ቀና ብሎ ያየኛል፣ አንገቱን ይነቀንቃል፣ ማስረጃ ፍለጋ ሳህኑን በማንኪያው ያምሰዋል። ሌላ ሽሪምፕ ያነሳል።