«ደርሻለሁ»

ሳጅኑ የአሮጊቷ ሱቅ ወለል ላይ ተንበርክኮ፣ የሚደማውን ግንባራቸውን በመሀረቡ በሁለት እጁ ተጭኖ ይዞ ነበር። ዘራፊው አምልጧል። «አይዞዎት እማማ፣ አምቡላንስ እየመጣ ነው» አላቸው፤ ዓይናቸውን ማየት ግን አልቻለም። የዝርፊያው ጥሪ በሬዲዮ ሲመጣ ሻይ ቤት ነበር። አለቃው የዘገየን ፓትሮል በሰው ፊት ስለሚያዋርድ፣ ጓደኞቹ ሁሉ እንደሚያደርጉት ሬዲዮውን አንስቶ «ደርሻለሁ» አለ። ቅርብ ነው፣ ምን ይመጣል ብሎ ሻዩን ጨረሰ።

«መኪናችሁንማ አይቻት ነበር፣ ልጄ» አሉ አሮጊቷ። «እንዳይገባ በሩን በትከሻዬ ገፍቼ ስታገለው፣ በመስኮቱ ከማዕዘኑ ብቅ ስትል አየኋት። እፎይ፣ ደረሱልኝ ብዬ በሩን ለቀቅኩት። እሷ ግን ዞራ ሄደች። ምን ነካት?»

ሳጅኑ የመጣው በሌላው መንገድ ነው። ይሄኔ ትከሻው ላይ ያለው ሬዲዮ ተንሿሿና የሌላኛው ፓትሮል ሾፌር ድምፅ መጣ፦ «ወንድሜ፣ እኛ እኮ ማዕዘኑ ላይ ነበርን፤ ደርሻለሁ ስትል ነው የተመለስነው። ሰላም ነው?»

ሳጅኑ መሀረቡን ይበልጥ ተጫነው። አሮጊቷ እጁ የተያዘበት መስሏቸው መሀረቡን ቀስ ብለው ተቀበሉት።

«እኔ እይዘዋለሁ» አሉት። «መልስለት እንጂ፣ ልጄ።»