የፍሬን ሸራ

ሾፌሩ አስናቀ «ፍሬኑ ቁልቁለቱ ላይ እምቢ አለኝ» ይላል። የጭነት መኪናው ባለቤት አቶ ገረመው ደግሞ «ፍሬኑ ደህና ነበር፤ መኪናውን ሲያበርር ነው ሰው የገደለው» ይላሉ።

የተሽከርካሪ መርማሪው፣ ጉዳዩን የያዙት ሳጅን እያዩ፣ በፖሊስ ጣቢያው ግቢ ጎማውን ፈታ። የፍሬን ሸራው አልቆ ብረት ከብረት ሲፋጭ ከርሟል።

«ወንድሜ፣ ያየኸውን ብቻ ንገራቸው» አለ አስናቀ፣ እጁ በካቴና እንደታሰረ። «ልጆቼን አትበትንብኝ።»

አቶ ገረመው ፈገግ ብለው ለመርማሪው የመኪናውን የዓመታዊ ምርመራ ወረቀት ሰጡት። «ባለሙያው፣ ይሄንንም ለሳጅን አንብብላቸው እንጂ። አደጋው የደረሰው መኪናው ቦሎ በወሰደ በሳምንቱ ነው።»

ወረቀቱ ላይ ያለው ፊርማ የመርማሪው የራሱ ነበር። በፈረመበት ቀን መኪናው ለምርመራ አልመጣም፤ የመጣው ሊብሬው ብቻ ነው።

ወረቀቱን ለሳጅኑ አቀበለው።

«ሳጅን፣ ፍሬን አልነበረውም። መኪናውን ሳላይ የፈረምኩት እኔ ነኝ፤ ይህንንም ይጻፉልኝ።»