በሚስማር የታሸገው ስፒከር

አሮጌው ጊታሪስት የሟች ወንድሙን ልጅ ደጅ ላይ አቁሞ ገላመጣት። ልጅቱ የመጣችው በገዛ እጇ ለሠራችው የመጀመሪያ ባለ አምፖል አምፕሊፋየር የድሮ ስፒከር ልትለምነው ነበር።

«አለኝ! አባትሽ ወረቀቱን በምቀኝነት በምላጭ የቀደደው። ሰርግ ላይ ስጫወት ድምፁ እንደ ጣሳ ተንኳኩቶ አዋረደኝ። ውስጡን እንኳ ሳላይ በዚያው ዕለት ሳጥኑን ዙሪያውን በጣውላና በሚስማር ቸነከርሁት፤ አባትሽንም እስኪሞት አላናገርሁት።»

«አባቴ አልነካሁም እንዳለ ነው የሞተው፣ ጋሼ።»

«ምን ይበል ታዲያ! ክፈቺና የአባትሽን የእጅ ሥራ እዪ!»

ሳጥኑን ከጓዳ ጎትቶ እግሯ ሥር ጣለላት። ልጅቱ ሚስማሮቹን በጉጠት ነቅላ ጣውላውን አነሣች። የስፒከሩ ወረቀት ዳር ዳሩ በጥርስ ተቆርጥሟል፤ ከሥሩም በብጥስጣሹ በተሠራ ጎጆ ውስጥ አንዲት አይጥ ከነልጆቿ ደርቃለች።

ሽማግሌው ጎንበስ ብሎ አየ።

«ሚስማሩን መልሺው!» ብሎ ጮኸባት።